አንጓች ፊቷን የሸፈነችበት ክረምት

ከዳንጉሌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ወንዙ በሚታጠፍበት ላይ፣ «ራቁት ጥግ» የሚሉት ቦታ አለ። ዘጠኝ ያረጁ ባሕር ዛፎች በአንድ መስመር ቆመውበታል፤ ከሥራቸው ሣር የለም፣ አረም የለም፣ የትም የሚበቅለው ሰርዶ እንኳ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። መንገደኛ ጥላ አገኘሁ ብሎ ሊያርፍ ሲል የአገሩ ሰው ፈጠን ብሎ «እዚያስ አይቀመጡ፣ ወደዚህ ይምጡ» ይለዋል። ለምን ቢባል መልሱ አጭር አይደለም። እኔ የሰማሁት ከሦስት ሽማግሌዎች ነው፤ ሦስቱም በየፊናቸው ሲያወሩት አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

እንደሚነገረው፣ ባሕር ዛፍ ለዳንጉሌ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ደርሰህ የሚባሉት የአገሩ ጭቃ ሹም ለጉዳይ ሸዋ ሄደው ሲመለሱ ዘጠኝ ችግኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አመጡና ይርዳው ከሚባል ገበሬ ማሳ ዳር ተከሉት። ዛፉ በጥቂት ዓመት ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ጋር ተካከለ ይባላል። ቅጠሉን አፍልቶ የታጠነ ሰው ጉንፋኑ ይለቀው ስለነበር ሽታው በሽታ ያባርራል ተባለ፤ በሽታ ካባረረ ደግሞ ቡዳም ያባርራል ተባለ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ዓመት የይርዳው ገብስ በዛፉ በኩል ሦስት ትልም ያህል ቢጫ ሆኖ ቀረ። በዓመቱ ስድስት ትልም ሆነ። ይርዳው ቡዳ በላብኝ ብሎ ደነገጠና፣ ሽታው ክፉ ዓይን ይመልስልኛል በሚል፣ የረገፈውን የባሕር ዛፍ ቅጠል በስልቻ እየሰበሰበ በማሳው ላይ በተነው። ክረምቱ ገባ፣ ቅጠሉ በዝናብ ራሰ፣ ገብሱም ቅጠል ባረፈበት ሁሉ ቀና ሳይል ሞተ። ጎረቤቶቹም ፈርተው እንደ እሱ በተኑ፤ የእነሱም ሞተ። «ወይ ጉድ! መድኃኒቱን እንኳ የማይፈራ ምን ዓይነት ቡዳ ነው?» እያሉ ይብሱን ተሸበሩ እንጂ ቅጠሉን የጠረጠረ አንድ ሰው አልነበረም። ኧረ እንዴት ይጠርጠር፣ የጭቃ ሹሙ ዛፍ ነው!

የመንደሩ ሸክላ ሠሪ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ሸክላ ሠሪን በቡዳነት ማማት በዚያ አገር የቆየ ክፉ ልማድ ነው፤ እሷ ደግሞ አፈሯን የምትቆፍረው ከዛፎቹ አጠገብ ስለነበር በይርዳው ማሳ ዳር በየቀኑ ታልፋለች። ከዚህ በላይ ማስረጃ ማን ይፈልጋል? እናቶች እሷን ሲያዩ የልጆቻቸውን ፊት በቀሚሳቸው ይሸፍኑ ጀመር። የልጇ የያልጋነሽ ባል፣ ሚስቱ የሰባት ወር እርጉዝ ሆና ሳለ፣ በሬዎቹን ነድቶ ወደ አባቱ አገር ገባ። አንጓች ቤቷ ተቀምጣ የሚመጣውን ትጠብቅ ነበር ይባላል።

ነሐሴ ላይ ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተሰበሰበና አንጓች ተጠራች። ፍርዱ አስቀድሞ ያለቀ ነበር፤ ቤቷ ይቃጠላል፣ እሷና ልጇ ወደ በረሃው ይወርዳሉ። በክረምት፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ያልጋነሽ ወሯ ገብቶ! እናትና ልጅ ከዚያ እንደማይመለሱ የማያውቅ በዚያ ቅጥር ውስጥ አልነበረም።

«ጌቶቼ» አለች አንጓች፣ «ገብሱን እኔ በላሁት እንበል። ከዛፉ ሥር የነበረውን አረምስ ማን በላው? ቡዳ በአረምም ይቀናል እንዴ?»

አንዳንዱ ሳቁን ዋጠ። ጭቃ ሹሙ ግን ቱግ አሉ፤ «አፍሽን ያዢ! ደግሞ ዛፌን ልትከሺ ነው?»

«እኔ የማውቀው አፈር ነው፣ ጌታዬ። ከዛፉ ሥር የሚተኛው ውሃ እንደ ጠላ የጠቆረ ነው፣ ይሸታልም። ስድስት ማሰሮ ልስጥ። አፈሩ ከአንድ ማሳ፣ ዘሩም ከአንድ ጎተራ ይሁን። ሦስቱ የምንጭ ውሃ ይጠጡ፣ ሦስቱ ቅጠሉ ተዘፍዝፎ የሰነበተበትን ውሃ ይጠጡ።»

«አይተሽ ብትገድያቸውስ?» አለ ይርዳው።

«አላያቸውም። ፊቴን ሸፍኑኝ።»

ቄሰ ገበዙ አባ አካሉ ነገሩን ደገፉላት። ማሰሮዎቹ በደጀ ሰላም ተቆልፎባቸው እሳቸው ብቻ ውሃ ሊያጠጧቸው፣ አንጓችም ዓሥራ አምስት ቀን ፊቷን በጥቁር ጨርቅ ሸፍና ቤቷ ልትቀመጥ ተስማሙ። ጭቃ ሹሙ ሲነሱ እንዲህ አሉ፤ «ስድስቱም ከሞቱ አንቺ ነሽ። ስድስቱም ከበቀሉ አስማትሽ ነው። ሌላ ነገር ካሳየሽን ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

በማግስቱ ሰዎች መጥተው በቤቷ ግድግዳ ዙሪያ ደረቅ እንጨት ደረደሩ። አንጓች አላየችም፤ የእንጨቱን መውደቅ ግን አንድ በአንድ ሰማች። ያልጋነሽ በሩ ሥር ተቀምጣ የሚደረደረውን ታይ ነበር። እናቷ መጀመሪያ ላይ «አይዞሽ፣ ገብስ አይዋሽም» ትላት ነበር አሉ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን ይህን ማለቷን ተወች። ጨለማው ውስጥ ብቻዋን ስትሆን ያለፈውን ሁሉ ታስብ ጀመር፤ እንዴት ያምራል ብላ ያደነቀችው የጎረቤት ጥጃ በሳምንቱ ሞቶ ነበር፤ የበኩር ልጇም ዓይን ዓይኑን እያየችው በጡቷ ላይ ነበር ያረፈው። «እውነት እኔ ብሆንስ?» የሚል ሐሳብ ገባባት። ሽማግሌዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት እዚህ ላይ ነው።

በዓሥራ አንደኛው ቀን ያልጋነሽን ምጥ ያዛት። አንድም ሴት ከደጃቸው አልደረሰችም። አንጓች ፊቷ እንደተሸፈነ በእጇ ዳስሳ አዋለደቻት፤ እትብቱን በዳበሳ ቆረጠች፤ ሴት ልጅ መሆኗንም በእጇ ነው ያወቀችው።

«እማ፣ ግለጪና እያት» አለች ያልጋነሽ።

«አልገልጥም።»

«ማንም አያይሽም እኮ!»

«ሰው ፈርቼ አይደለም፣ ልጄ። ዓይኔን ነው የፈራሁት። ውሰጃት፣ ከፊቴ አርቂያት።»

ዓሥራ አምስተኛው ቀን ደርሶ ደጀ ሰላሙ ሲከፈት የምንጭ ውሃ የጠጡት ሦስቱ ማሰሮዎች ስንዝር የሚያህል ለምለም ገብስ ይዘው ተገኙ። ቅጠል የተዘፈዘፈበትን ውሃ በጠጡት በሦስቱ ግን ከዘሩ ገሚሱ ጭራሽ አልበቀለም፤ የበቀለውም እንደ ክር ቀጥኖ፣ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። «እግዚኦ!» አለ አንድ ሰው። ይርዳው ማሳውን በገዛ እጁ እንደገደለ ገባው። ጭቃ ሹሙም ማንንም ሳያዩ ወጥተው ሄዱ።

ይርዳው ድንጋይ ተሸክሞ ከአንጓች ደጅ ወደቀ። «እናቴ፣ ይቅር በይኝ! አንቺ አይደለሽም፣ ዛፉ ነው። ግለጪው።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፣ ተነሥ» አለችው። ጨርቁን ግን አልነካችም። «ከለመለሙት አንዱን ማሰሮ አምጡልኝ።»

ማሰሮውን ተቀብላ፣ ለልጇና ለሕፃኗ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠችና ጨርቁን ገለጠች። ከዚያ ሰባት ቀን ሙሉ፣ ከንጋት እስከ ምሽት፣ ያንን ገብስ አየችው። ዝም ብላ አይደለም ያየችው ይባላል፤ «እንዴት ታምራለህ! ልምላሜህ እንዴት ደስ ይላል! ምነው የኔ በሆንክ!» እያለች፣ ቡዳ ይለዋል የተባለውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር አለችው። ማታ ማታ መልሳ ትሸፈናለች። ሕፃኗ ስታለቅስ ትሰማለች፣ ዞር አትልም። ገብሱ አልጠወለገም፤ እንዲያውም አደገ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ጨርቁን ምድጃ ውስጥ ከተተችውና ዞረች። ሕፃኗን ከያልጋነሽ እጅ ተቀብላ እያየቻት እስከ ቀትር ተቀመጠች አሉ፤ እያለቀሰችም «የእኔን ዓይን ነው የያዘችው» አለች።

ዛፎቹን እስከ ዛሬ የቆረጣቸው የለም፤ አንዳንዱ ለማስታወሻ ነው ይላል፣ እኔ ግን ስለፈሯቸው ይመስለኛል። ማሳውም ከእነሱ ርቆ ነው የሚታረሰው። ሌላው አገር ቡቃያውንና አራስ ልጁን ከሰው ዓይን ይሸሽጋል፤ በዳንጉሌ ግን ገብሱ ብቅ ሲል ወይም ልጅ ሲወለድ መጀመሪያ የሚላከው ወደ አንጓች ዘሮች ቤት ነው። «ኑ፣ እዩልን» ይሏቸዋል። የተላከባት ሴት መጥታ የፈለገችውን ያህል ታያለች፤ የሚያቻኩላት የለም።