የገለባዋ ጥጃ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ እንጂ! ምን ዝም ትላላችሁ? በረቱ ባዶ ሆኖባችሁ ነው? እንግዲያው የአንድ ባዶ በረት ነገር ልንገራችሁ።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳም ዕቃም አፍ አውጥቶ ሲናገር፣ ጫንያለው የሚባል ከብት አርቢ ነበረ። ዳልቺት የምትባል ላም ነበረችው። ዳልቺት ሴት ጥጃ ወለደች። ጎረቤቱ «እንቦሳ እሰሩ!» ብሎ መረቀ። ጫንያለውም «አድጋ ትወልዳለች፤ የወለደቻትም ትወልዳለች፤ በረቴ ይሞላል» እያለ ማለም ጀመረ።

ምን ያደርጋል፣ የከብት በሽታ አገር ገባ። ጥጃዋ ጡት መጥባት ተወች። ዳልቺትም «አያ ጫኔ፣ ልጄን አድንልኝ» አለችው።

በዚያ አገር የከብት ሹም ዝንጀሮ ነበር። አትሳቁ! ወተት ይወዳል እንጂ ላም ኖሮት አያውቅም።

ጫንያለው ሄደ። «ጌታዬ፣ ጥጃዬ ታመመችብኝ፤ መድኃኒት ስጡኝ» አለ።

«መድኃኒቱ መንገድ ላይ ነው፤ ሂድና ጠብቅ» አለው ዝንጀሮ።

ጠበቀ። መንገዱ አለ፣ መድኃኒቱ የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼኔ ነው።

ዳግመኛ ሄደ። «ጌታዬ፣ ጥጃዬ መቆም አቃታት፤ መድኃኒት ስጡኝ።»

«ምን ጎደለህና? የከብት ማከሚያ ቤት ሠራሁልህ አይደል!» አለው ዝንጀሮ።

እውነትም ቤቱ ተሠርቷል። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፤ በሩ ተቆልፏል። ጫንያለው አንኳኳ።

«ማነው?» አለ በሩ።

«ጥጃ የታመመችብኝ ነኝ። ክፈትልኝ።»

«ወንድሜ፣ እኔም ከተሠራሁ ጀምሮ የሚከፍተኝ ሰው እንደናፈቀኝ አለሁ» አለ በሩ።

ቤቱ ሲመለስ ጥጃዋ ሞታ ጠበቀችው።

ልጇ የሞተችባት ላም ወተቷን ትከለክላለች። ስለዚህ ጫንያለው አባቶቹ ያደርጉ የነበረውን አደረገ። የጥጃዋን ቆዳ ገፈፈ፣ ገለባ ጠቀጠቀበት፣ ሰፍቶም ዳልቺት ፊት አቆማት። ዳልቺት ላሰቻት። ወተቷም ወረደ።

የገለባዋ ጥጃ ግን አንጀቷ አልችል አለ። «እማዬ፣ አትልሺኝ፤ እኔ ገለባ ነኝ» አለቻት።

«አውቃለሁ» አለች ዳልቺት። «አያ ጫኔ ያታለለኝ መስሎታል። ቆዳሽ ግን የልጄ ነው። ናፍቃኝ ነው የምልስሽ።»

በሽታው ዳልቺትንም ያዛት። ጫንያለው ለሦስተኛ ጊዜ ሄደ። «ጌታዬ፣ ላሜ ልትሞትብኝ ነው፤ መድኃኒት ስጡኝ።»

በዚህ ጊዜ ዝንጀሮ ራሱ መንደር ድረስ መጣ። አገሬውን ሰብስቦ ትልቅ ሣጥን አወረደና «ይኸው መድኃኒታችሁ! አጨብጭቡ!» አለ። ወንዶቹ አጨበጨቡ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ዝንጀሮም አገሬው የሚገብርለትን ቅቤ ተቀብሎ ሄደ። ሣጥኑን ጫንያለው ተሸክሞ ወደ ጥላ ወሰደው፤ ከፈቱት።

ወደ በረቱ ሲመለስ ዳልቺት ተኝታ ነበር።

«አመጣህልኝ?» አለችው።

«ሣጥን ሰጡን።»

«ውስጡስ?»

«ገለባ።»

«ሳይከፈት አላወቅህም?»

«አውቄ ነበር። ስሸከመው ቀለለኝ።»

«ከመሸከምህ በፊትስ? ስታጨበጭብ?»

ጫንያለው ዞር አለ። የገለባዋን ጥጃ አየ። ከመላስ ብዛት የግንባሯ ጠጉር አልቋል።

«ያኔም አውቄ ነበር» አለ። «ናፍቆኝ ነው። በረቴ ሞልቶ ማየት ናፍቆኝ ነው።» ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ዳልቺት እጁን ላሰችው። ልጇን እንደምትልስ አድርጋ ላሰችው። ከዚያ በኋላ አልተነሳችም።

ክረምት አልፎ መስኩ ሲለመልም ዝንጀሮ ቅቤ ሊቀበል መጣ። ጫንያለው ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፤ ቀና ብሎም አላየው። ዝንጀሮ በረቱ ውስጥ ገባ። ላም የለም፤ የገለባዋ ጥጃ ብቻ ቆማለች።

«ቅቤዬስ?» አለ ዝንጀሮ።

«ና እለበኝ» አለችው የገለባዋ ጥጃ። «የሰጠኸን እንደ እኔው ገለባ አይደል?»

አያችሁ ልጆቼ፣ የገለባ ጥጃ ታሳልባለች እንጂ አድጋ አትታለብም።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ። አፌንም ዳቦው ይቅርና በእርጎ አብሱልኝ፤ ከተገኘ።