ዝምድና የሚፍቀው ወረቀት

በሞንቴኔግሮ ተራሮች፣ ሰርቦች በአንድ ወገን አልባኒያውያን በሌላ ወገን በሚያዋስኗት መንደር፣ ምላሷ የሰላ አንዲት ባልቴት ትኖር ነበር። ሽማግሌዎቹ ዘር ሲቆጥሩ የሦስቱ ወገን ጎረቤታሞች አንድ እናት ከወለደቻቸው ወንድማማቾች የመጡ ናቸው ይላሉ። ስለዚህ እነሱ ዘንድ ከድንበር ማዶ ሚስት ማምጣት እህትን እንደ ማግባት የሚቆጠር ነውር ነው።

አንድ ቀን አዲስ የተሾመ ገዢ በበቅሎ ከች አለና ሕዝቡን ሰበሰበ።

«እኛ ሞንቴኔግሮዎች የማንም ዘመድ አይደለንም! ከሰርብም ሆነ ከአልባኒያ የሥጋ ዝምድና የለኝም ብሎ ያልፈረመ፣ ከብቱን ተራራው ላይ አያሰማራም!» አለ። የምላሰኛዋን ባልቴት አፍ ከዘጋ ሌላው ሰጥ ለጥ ብሎ እንደሚፈርም ስለገመተ፣ ወረቀቱን መጀመሪያ ለእሷ ዘረጋላት።

ባልቴቷ ያሏትን ሁለት ላሞች አሰበች። ከዚያ ፊቷ በራ።

«እሰይ ጌታዬ፣ ዕድሜ ይስጥዎት! ትልቁ ልጄ የሰርብ ኮረዳ፣ ትንሹ ደግሞ የአልባኒያ ኮረዳ ወደው፣ ሽማግሌዎቹ ‹እህታችሁ ናት› እያሉ ከከለከሏቸው ሦስት ዓመታቸው። በሉ እርስዎ ቀድመው ይፈርሙልኝና እሁድ ሁለቱንም እድራለሁ።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ገዢው ወረቀቱን ቀስ ብሎ ያጣጥፍ ጀመር።

«ምነው ጌታዬ፣ ይፈርሙ እንጂ!» አለች ባልቴቷ። «እስከ ዛሬ ወንድሞቻችን ነበሩ፤ ከእሁድ ጀምሮ ደግሞ በእርስዎ ፊርማ አማቾቻችን ይሆናሉ።»