ባሻ ወንድይራድ ቤት ሲፈልጉ

ባሻ ወንድይራድ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ አዲስ አበባ ገና ሰፈር በሰፈር ስትቆረቆር፣ መኳንንቱ ኮረብታ ኮረብታውን ይዘው ድሀው ከሥር ከሥር ሲጠጋ። ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም ነበር ይባላል። እኔ አልደረስኩባቸውም። አያቴ «ደርሼባቸዋለሁ» ይሉ ነበር፤ አያቴ ግን ያልደረሱበት ነገር የለም። እንግዲህ እንደ ሰማሁት ላውራው፤ ካሳቃችሁ የባሻ ነው፣ ካላሳቃችሁ እኔ አበላሽቼው ነው።

አንድ ወጣት መኰንን «ባሻ የተባሉት በየትኛው ዘመቻ ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው «ስንቅ ጠባቂ ነበርኩ» አሉት። «ታዲያ ጠላት ስንቁን አልዘረፈብዎትም?» አለ መኰንኑ።

«ኧረ አልነካውም፤ እኔ እያለሁ ለሱ ምን ይተርፋል!»

እንዲህ ያሉት ሰው ዕድሜያቸውን በሙሉ በኪራይ ቤት ኖሩ። ከቤት ቤት የሚያንከራትታቸውም ይኸው ምላሳቸው ነው። ሚስታቸው ወይዘሮ ትርንጎ ከእናታቸው ቤት ያመጧቸው ሦስት ጉልቻዎች ነበሯቸው፤ ባላቸው አከራይ ባስቀየሙ ቁጥር ጉልቻዎቹን አህያ ላይ አስጭነው ይከተላሉ። ጎረቤት «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እያለ ሲተርት፣ ወይዘሮ ትርንጎ «እኔ ጉልቻ ለውጬ አላውቅም፤ የሚለዋወጥብኝ ቤቱ ነው» ይላሉ።

የመጨረሻው አከራያቸው ንጋቱ የሚባል ቆንቋና ነበር። ክረምት ገብቶ ጣራው ቢያፈስ ባሻ ሄደው አቤት አሉት። «ዝናብ እንደሆነ ለሁሉም ነው የሚዘንበው፤ አንተ ዘንድ ሲደርስ ምን የተለየ ነገር መጣ?» አላቸው፣ ሰው እየሰማ።

«እውነትዎን ነው፤ ለሁሉም ይዘንባል። የሰዉ ግን ውጭ ሲያባራ ያባራል፤ የኛ ቤት የሚበረታው ያን ጊዜ ነው።»

ሰው ሳቀ፤ ንጋቱ አልሳቀም። በማግስቱ «መስቀል ሳይደርስ ቤቴን ልቀቅ» አለ።

ወይዘሮ ትርንጎ በደህናው ቀን ባላቸውን አንቱ ነው የሚሉት፤ ሲቆጡ ግን አንተ ይላሉ። ያን ቀን «አንተ ሰው» ብለው ጀመሩ። «እስካሁን ዝም ብዬ ተከተልኩህ። ከእንግዲህ ጉልቻዬን የማስቀምጠው በገዛ ቤቴ ነው። አለዚያ ይዤው ቡልጋ፣ ወንድሞቼ ዘንድ እገባለሁ፤ አንተ ከምላስህ ጋር ተከራይተህ ኑር።» ባሻ ፈሩ። በጦር ሜዳ እንኳ እንዲህ ፈርተው አያውቁም፤ ከጦር ሜዳው ራቅ ብለው ነበርና። ከአባታቸው የደረሳቸውን መሬት ለዘመድ ሸጡና ሽበሺ የሚባል ደላላ ይዘው፣ ከወይዘሮ ትርንጎ ጋር ቤት ፍለጋ ወጡ።

ሽበሺ መጀመሪያ የወሰዳቸው ከንጉሡ ግቢ በታች፣ ወደ ፊታውራሪ ደምመላሽ ሰፈር ነው። ያማረ ሰፈር ነው፤ አጥሩ የጠና፣ ደጁ የተጠረገ። ግን በጌታ ሰፈር የሚገባ ሰው ለጌታው ማደሩ አይቀርም። ፊታውራሪ ባሻን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው፤ ብዙም ጊዜ አልወሰደባቸውም። «እዚህ የሚኖረው ከኔ ጋር የሚዘምት ሰው ነው። ጦርነት የመጣ ዕለት አንተ የት ትሆናለህ?» አሉ።

«ከእርስዎ አልለይም ጌታዬ፤ ሲገፉ ከኋላዎ፣ ሲሸሹ ከፊትዎ።»

ቤቱን ሳያዩት ተመለሱ። ወይዘሮ ትርንጎ ባላቸውን ከኋላ ትተው ቀድመው ሄዱ።

ቀጥሎ አራዳ፣ ገበያው አጠገብ። እዚህስ ቤቱ ጥሩ ነበር፤ ግድግዳው አዲስ ተመርጓል፣ ለጉልቻ የሚሆን ጓዳም አለው። ወይዘሮ ትርንጎ ገብተው ጓዳውን በእርምጃ ሲለኩ ባሻ ልባቸው ሞቀ። ክፋቱ በስተቀኝ ጠጅ ቤት፣ በስተግራም ጠጅ ቤት ነው። ሽበሺ ይህን ጉዳይ እንደ በረከት ቆጥሮት «ይኸውልዎ ባሻ፣ ከቤትዎ እስከ ጠጅ ቤቱ እኮ አንድ እርምጃ ነው!» አላቸው። ባሻ ዝም ቢሉ ኖሮ ቤቱ ይገዛ ነበር። የሳቸው ነገር፣ መልስ ከመጣላቸው ሚስት ቆማ መስማቷን ይረሳሉ።

«መሄጃውስ አንድ እርምጃ ነው፤ መመለሻው ነው እንጂ የትም ሰፈር ሆኜ ያው ሩቅ ነው።»

ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ከዚያ ወደ ቀበና ወረዱ። ቤቱ ወንዙ ዳር ነው፤ አየሩ ጥሩ፣ ውሃው ቅርብ፣ ቦታው ሰፊ። «ጅብ የለም?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። ሽበሺ ደላላ ቢሆንም በማርያም ቀን አይዋሽም፤ ዕለቱም ማርያም ነበረች። «አለ እመቤቴ፤ ግን የሰፈሩ ጅብ ጨዋ ነው። ሰው አይነካም፤ አህያ ብቻ ነው የሚበላ» አለ።

«ተወኝ ወንድሜ፤ በጨለማ እኔን ከአህያ ማን ይለይልኛል?» አሉ ባሻ።

«በብርሃንስ ማን ለይቶዎት ያውቃል?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

ሦስቱም ሳቁ። ባሻ በልባቸው ተመስገን አሉ፤ ስድቡን አልሰሙትም፣ አንቱታዋ መመለሷን ነው የሰሙት።

መስቀል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሽበሺ ጉለሌ ወሰዳቸው። ቤቱ የአንዲት መነኩሴ ነው፤ ሸጠው ገዳም ሊገቡ ነው። ክዳኑ ሳር፣ ግድግዳው ወደ አንድ ጎን ያዘመመ፣ ደጁ ላይ አንድ ኮክ ዛፍ። ለማየት የሚያጓጓ አይደለም። ወይዘሮ ትርንጎ ግን ከዛፉ ሥር ቁጭ አሉና «እዚህ ነው» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

የቤቱ ጎረቤት ግራዝማች ዋሴ ይባላሉ፤ ቆርቆሮ ቤትና የሚያማምሩ በቅሎዎች ያሏቸው ሀብታም ናቸው። በዚያ ሰፈር ልማድ ቤት ሲሸጥ መጀመሪያ ጎረቤት ይጠየቃል፤ ጎረቤቱ አልፈልግም ሲል ነው ለባዳ የሚሸጥ። ባሻም ሽማግሌዎች ይዘው ግራዝማች ደጅ ሊሄዱ ሲነሡ፣ ወይዘሮ ትርንጎ ክንዳቸውን ያዙና «ለዛሬ ብቻ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ መልስ እንዳይመልሱ» ብለው ለመኗቸው። ግራዝማች ቤቱን ከልባቸው ይፈልጉት ነበር፤ ግን ገዥ ሁሉ ሲሸሽ መነኩሴዋ በርካሽ ይለቁልኛል ብለው አስበዋል። ስለዚህ ቤቱን ይፈልጉት እንደሆነ ሲጠየቁ በሽማግሌዎቹ ፊት ከት ብለው ሳቁና «ያን ጎጆ? እኔ በቅሎዬን እንኳ አላስርበትም!» አሉ።

ባሻ ለጥ ብለው እጅ ነሥተው ወጡ። በዕድሜያቸው መልስ ሳይመልሱ የተመለሱት ያን ቀን ብቻ ነው ይላሉ አያቴ። ቤቱ ተገዛ፤ ጉልቻዎቹም ጓዳ ገቡ።

ግራዝማች ይህን ሲያዩ ተቃጠሉ። «ጎረቤት ሆኜ ሳልጠየቅ ቤት ተሸጠብኝ፤ በሕግ አምላክ፣ ለበቅሎዎቼ ጋጣ እፈልገዋለሁ» ብለው ከሰሱ። ዳኛው የግራዝማችን ግብር የበሉ ሰው መሆናቸውን አገር ያውቃል። ወይዘሮ ትርንጎ በችሎቱ ዳር፣ ከሰዉ መሀል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆሙ። ጠዋት ከቤት ሲወጡ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ «ከተፈረደብን አህያዋን እጭናለሁ።»

ዳኛው ባሻን «ጎረቤቱን ሳትጠይቅ እንዴት ትገዛለህ?» አሏቸው፤ ድምፃቸው ከወዲሁ የፈረደ ይመስላል። ባሻ ወደ ሚስታቸው ዞረው አዩ። ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላውን ከአፋቸው አነሡና «ይመልሱላቸው» አሉ።

«ጠይቄያለሁ ጌታዬ። ‹በቅሎዬን እንኳ አላስርበትም› አሉኝ። ለግራዝማች በቅሎ የሚያንስ ከሆነማ ልኬ ነው ብዬ ገዛሁት።»

ሽማግሌዎቹ እውነት ነው ብለው መሰከሩ። ግራዝማች ተናደው «ያልኩትስ ዋጋው እንዲወርድልኝ ነው!» ብለው አመለጣቸው። ችሎቱ በሳቅ አውካካ፤ ዳኛውም የበሉት ግብር ግራዝማችን እንደማያድናቸው አይተው ቤቱን ለባሻ ፈረዱ። ወይዘሮ ትርንጎ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ዳኛው ግን ማሳቅ ለባሻ ብቻ መተዉ ከነከናቸው። «ለመሆኑ ባሻ፣ በቅሎ የናቀችውን ቤት አንተ ስትገባበት ትንሽ አታፍርም?» አሏቸው።

«በቅሎማ ትናቀው እንጂ ጌታዬ፤ ምን አለባት፣ ሚስት የላትም!»