የአንድ ልጅ አውራ ጣት

ወንዙ ሞልቶ ሰፈሩን እንዳይወስደው ጎረምሶች ግድቡን በየተራ እንዲጠብቁ ተወስኖ ነበር። አንዲት እናት ወደ የኔታ መጥታ «የኔ ልጅ አንድ ነው። እሱ ቢቀር ምን ይጎድላል?» ብላ ጠየቀቻቸው። የኔታም እንዲህ አሏት።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ቤቱ ዳኑብ በሚባል ታላቅ ወንዝ ዳር፣ የሮም ግዛት በሚያበቃበት ጠረፍ ላይ ነበር። ከወንዙ ማዶ ጠላት አለ። ሮም ጉልበቷ የደከመበት ዘመን ስለሆነ ሹማምንቷ እየመጡ ከየቤቱ ጎረምሳ ለወታደርነት ይወስዳሉ። የሄደ እምብዛም አይመለስም።

ገበሬው አንድ ወንድ ልጅ ነበረው፤ ዓይኑ ነው። «አውራ ጣት የሌለው ጦር አይጨብጥም፤ ጦር የማይጨብጥ አይወሰድም። አንድ ልጅ ቢቀር ሮም አትፈርስም» አለ። ብልህ መሆኑ ነው እንግዲህ። የልጁን እጅ መፍለጫው ግንድ ላይ አስዘርግቶ አውራ ጣቱን በመጥረቢያ ቆረጠው። ልጁ ጮኸ፤ አባትየውም አለቀሰ። ሹሙ መጥቶ እጁን አየና ተሳድቦ ሄደ። ቤቶቹ የተራራቁ ስለነበሩ ገበሬው ልጁን ከሰው ዓይን ሸሽጎ አኖረው።

አንድ ዓመት ብርዱ ጠና። ወንዙ ወደ በረዶ ረግቶ እንደ ድንጋይ ሆነ፤ ጠላትም በእግሩ ተሻገረ። ያገሩ ሰው ሁሉ ወደ ሮም ወታደሮች ምሽግ ሮጠ። እዚያ የቀሩት ጥቂት ሽማግሌ ወታደሮች ጦሩን ከምረው «ልጆቻችሁ ይምጡና ያንሡ» አሉ።

ገበሬው ልጁን ከኋላው ሸጉጦ ጎረቤቱን «አንተ ሦስት ወንዶች አሉህ፤ አውጣቸው እንጂ!» አለው።

ጎረቤቱ የልጆቹን እጅ ከካባቸው ሥር እየሳበ አሳየው። የሦስቱም አውራ ጣት የለም። ገበሬው ወደሚቀጥለው ሄደ፤ ካባ ገለጠ። ደግሞ ወደሚቀጥለው። ምሽጉ ውስጥ ጦር የሚጨብጥ አንድም ጎረምሳ አልነበረም። በሩ ሲሰበር ጦሩ እንደተከመረ ነበር፤ ያ ተሸሽጎ የኖረ ልጅም በአባቱ ፊት ሞተ።

የኔታ ወደ እናትየው ዞሩ። «ግድቡም እንደዚያ ምሽግ ነው፤ ልጅሽም እንደዚያ ልጅ። ያስቀረሽው ለደኅንነቱ ይመስልሻል፤ ጎርፉ ሲመጣ ግን አልጋው ድረስ ይመጣበታል። ከአንቺ በፊትም ሌሎች እናቶች ይህንኑ ጠይቀውኛል።»

እናትየዋ ደነገጠች። «ከጎረቤቶቼ የትኛዋ ናት?»

«ሁሉም» አሏት። «የቀረሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ ስጠብቅሽ ነበር።»