የሾላ ገብ ሴቶች ነጭ አዝሙድ ሲሰጣጡ

በደምቢያ በኩል ሾላ ገብ በምትባለው መንደር፣ ነጭ አዝሙድ ለዘር የፈለገች ሴት ከጎረቤቷ ለምና፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቤቷ አትመለስም። ዘሩን የምትሰጠው ሴት አብራት ትሄዳለች፤ ተቀባይዋ ቆፍራ ባለሰለሰችው መደብ ዳር ትንበረከክና የመጀመሪያውን ቁንጥር በገዛ እጇ ትዘራለች፤ የቀረው የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሰጪዋ አራስ ወይም በሽተኛ ከሆነች እስክትነሣ ይጠበቃል፤ ዝናቡ ሊያልፍ ነው ብሎ መቻኮል የለም። ከገበያ የተገዛ አዝሙድ ለበርበሬና ለሆድ ቁርጠት ይሆናል እንጂ አፈር አያይም። የሌላ አገር ሰው ነገሩን ሲያየው አጉል መግደርደር ይመስለዋል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ልማዱ የመጣው ከቅናት ነው ይላሉ። እኔም ሰምቼ ሳበቃ አመንኳቸው።

እንደሚነገረው በድሮ ዘመን በዚህች መንደር ላቀች የምትባል ሴት ነበረች፤ የእማማ ደብሪቱ የበኵር ልጅ ሚስት። ነጭ አዝሙድ የሚበቅለው በእርሷ ጓሮ ብቻ ነበር ይባላል። በርበሬ የምታዘጋጅ፣ ሽሮ የምትፈጭ፣ ልጇን ሆዱን የቆረጠባት እናት፣ ሁሉም የላቀችን ደጅ ይጠናል። ላቀች ንፉግ አልነበረችም፤ የመጣችውን ሁሉ አስቀምጣ፣ አጫውታ፣ ወቅጣ ትሰጣለች። የምትሰጠው ግን ሁልጊዜ የተወቀጠውን ነው፤ ፍሬውን ለዘር የሰጠችው ሰው የለም። የተወቀጠ ያልቃል፣ ያለቀባት ተመልሳ ትመጣለች፤ እርሷም የምትፈልገው ይህንኑ፣ ደጇ ሰው እንዳይጠፋበት ነበር።

የደብሪቱ ትንሹ ልጅ ከወንዝ ማዶ ማንጠግቦሽ የምትባል ልጅ አገባ። ሙሽራይቱ የጫጉላ ወሯ እንዳለፈ ከላቀች የተወቀጠ አዝሙድ ወስዳ ሽሮ ሠራች። አማትየዋ አንድ ጊዜ ጎረሰችና እጇን ከመሶቡ ላይ ሳታነሣ፣

«ይኸ አዝሙድ ከየት መጣ?» አለች።

«የእትዬ ላቀች ነው» አለች ማንጠግቦሽ።

«አይደለም። የላቀችን አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ጥሞኝ አያውቅም።»

ላቀች እዚያው ተቀምጣ ነበር። እርር ድብን አለች። በራሷ አዝሙድ መበለጥ! ሌላ ሴት በሌላ ነገር ብትበልጣት ትችለው ነበር ይላሉ የሚያወሩት፤ እኔ እንኳ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ዱቄቱን ከላቀች ይወስዱና አሠራሩን ለመጠየቅ ወደ ማንጠግቦሽ ቤት ያልፉ ጀመር፤ የላቀችም ሥራ በአጥሯ ቀዳዳ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ማን ስቆ እንደወጣ ማየት ሆነ። ከሰው ጋር እያወራች እንኳ ዓይኗ ወደዚያው ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ፣ አዝሙድ በሚዘራበት ሰሞን፣ ማንጠግቦሽ በአማቷ ፊት «እትዬ፣ ለጓሮዬ ትንሽ ዘር ትሰጪኛለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። በደብሪቱ ፊት እምቢ ማለት አይቻልም። ላቀች ቤቷ ገብታ ገል እሳት ላይ ጣደችና ፍሬውን አመስ አመስ አደረገችው። መልኩ እንዳይለወጥ እሳቱን ቀንሳ፣ የመታመሱ ሽታ እንዲለቀው ነፋስ ላይ አስጥታ፣ ኋላም አትረፍርፋ ሰጠቻት። ማንጠግቦሽ የላቀችን ጉልበት ስማ ተቀበለች።

ዘሩ ተዘራ፤ ዝናብ ጠጣ፤ አልበቀለም። በመጀመሪያው ሰሞን የላቀች ልብ ቅቤ ጠጣ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ዘር ያልበቀለላት ሴት እጀ ደረቅ ናት፣ እጇ የደረቀ ደግሞ ማኅፀኗም ደረቅ ነው የሚባል ክፉ ወሬ ነበር፤ ማንጠግቦሽም ገና አልፀነሰችም። ወሬው ከጓሮ ወደ ጓዳ ገባና ከመስቀል በኋላ ወደ አባቷ ቤት እንድትመለስ ተመከረ። ባሏ እንኳ አንገቱን ደፋ እንጂ የተናገረላት ነገር የለም። ላቀች የፈለገችው ደጇን ማስመለስ እንጂ ይህን አልነበረም ይባላል፤ ቢሆንም ትንፍሽ አላለችም።

አንድ ማለዳ ማንጠግቦሽ ከዘሩ የተረፈውን በነጠላዋ ጫፍ እንደቋጠረች ወደ ላቀች ቤት መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ፣ ከዚሁ ዘር በኔ መደብ ላይ በእጅሽ ዝሪልኝ፤ እማማም ትይ። በአንቺ እጅ ከበቀለ ክፉው የኔ እጅ ነው፣ አርፌ አባቴ ቤት እገባለሁ። ካልበቀለ ግን መሬቱ ነው።»

ላቀች «ቆይ፣ ነጠላዬን ልልበስ» ብላ ጓዳ ገባች፤ ከቅሉ ውስጥ እሳት ያልነካውን አዝሙድ ዘገነችና በመዳፏ ጨበጠች። ልትዘራ ያሰበችው እሱን ነበር። ይበቅላል፤ ያቺ ትሄዳለች፤ ደጁም ይመለሳል። ቅናት ሲያስብ እንዲህ አሳምሮ ነው የሚያስበው።

ደብሪቱ ተጠርታ መጣችና ሦስቱም መደቡ ዳር ተንበረከኩ። ማንጠግቦሽ የታመሰውን ዘር በመዳፏ ዘርግታ ያዘችላት። ቡቃያ ፍለጋ ደጋግማ ስትጭር የከረመችበት አፈር ጥፍሯ ሥር ገብቷል። ላቀች ያን እጅ አየችው። በዚያች ሰዓት እንኳ ጠላችው፤ የጨበጠችውን መዝራቱ ግን አቃታት። የታመሰውን ከማንጠግቦሽ መዳፍ ወሰደችና ራሷ ጨብጣ የመጣችውን በቦታው ገለበጠችላት።

«አንቺ ይህን በወዲያ በኩል ዝሪ። እኔ ይኸን በወዲህ እዘራለሁ» አለች።

መስቀል ሳይደርስ የማንጠግቦሽ ወገን እንደ እንስላል የቀጠነ ቡቃያ አወጣ፤ የላቀች ወገን ባዶ አፈር እንደሆነ ቀረ። የመንደሩ ወሬ ተገለበጠ፤ እጀ ደረቅ የተባለችው ላቀች ሆነች፣ ደጇም ጭር አለ። ደብሪቱ ግን በማንጠግቦሽ ነጠላ ቋጠሮ የቀረች ፍሬ አግኝታ ነከሰቻት፤ ለማንጠግቦሽም አቀመሰቻት። የታመሰች መሆኗን ሁለቱም በጥርሳቸው ለዩ። በመንደሩ ፊት አሮጊቷ የማንንም ስም አላነሣችም። «ከእንግዲህ ዘር የሰጠች ሴት በተቀባይዋ መደብ ቀድማ ትዝራ፤ ከበቀለ አብረው ይመስገኑ፣ ካልበቀለም አብረው ይታሙ» ብቻ አለች።

ላቀችን ቅናቷ ለቀቃት የሚል ሽማግሌ አላገኘሁም። በማንጠግቦሽ አጥር ስታልፍ እስክትሞት ፊቷን ታዞር ነበር ይላሉ። በዓመቱ ሰው እንዳይስቅባት ፈርታ ጓሮዋን ጦም አሳደረችው። ማንጠግቦሽ ሳትጠራ መጣች፤ መደቡን ቆፈረች፤ ተንበርክካ የመጀመሪያውን ቁንጥር ዘራች። የቀረውን ስትዘረጋላት ላቀች እጇን ለመቀበል አልሰነዘረችም። ያን ጊዜ ማንጠግቦሽ ከመዳፏ አንዲት ፍሬ አንሥታ አፏ ውስጥ ጨመረች፤ አኘከቻት፤ ዋጠቻት።

«ጥሬ ነው፣ እትዬ» አለቻት።

ላቀች አቀርቅራ ተቀበለች፤ አለቀሰችም ይባላል፤ ከጸጸት ነው የሚሉ አሉ፣ ከንዴት ነው የሚሉም አሉ። ዛሬም በሾላ ገብ ዘር የምትሰጥ ሴት የቀረውን ከማስረከቧ በፊት አንዲት ፍሬ አኝካ «ጥሬ ነው፣ እትዬ» ትላለች፤ ሰጪዋ አሮጊት፣ ተቀባይዋ ትናንት የገባች ሙሽራ ብትሆንም ቃሉ አይለወጥም። ተቀባይዋም አቀርቅራ መሬት መሬት እያየች ትቀበላለች።