ባሌስትራ ያስጨመረው ሰው

አንድ ሰው ነበር፤ ፒካፕ መኪና ያለው። ሥራው ከመቂ ማሳዎች ሽንኩርት እየጫነ አዳማ ማድረስ ነው። ስሙን ምትኩ እንበለው። ሥራ አይመርጥም፤ ቃሉን አያጥፍም። እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ፤ ለምን እንደምወደው እስክነግራችሁ ታገሡኝ።

መኪናዋ አንድ ችግር ነበረባት። ሽንኩርቱ ሲጫን ኋላዋ ቁጭ ይላል፤ ፊቷ ወደ ላይ ይነሣል። መብራቷ መንገዱን ትቶ ሰማዩን ያያል፤ ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይኑ ይጠፋል። መሪውም ይቀልና መኪናዋ ወዳሻት ትሄዳለች። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ምትኩ የሽንኩርት ጫኞች ሁሉ የሚያደርጉትን አደረገ። ጋራዥ ገብቶ ባሌስትራ አስጨመረ። ባሌስትራ ታውቃላችሁ፤ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ተደራርቦ ጭነቱን የሚሸከመው ብረት ነው። በእነሱ ዘንድ ይሄ ወግ ነው። መኪና የገዛ ሰው ወንበሩን ሳያለብስ በፊት ባሌስትራ ያስጨምራል። ባዶዋን ስትቆም ኋላዋ ቀና ያለ መኪና «ጉልበት አላት» ትባላለች፤ ባለቤቱም ጉልበቱ የራሱ ይመስለዋል። የምትኩም መኪና ከዚያን ቀን ጀምሮ ጭነቷን ይዛ ቀጥ ብላ ሄደችለት። ደስ አለው፤ ሠርቶ አዳሪ ነውና ደስ ሊለው ይገባል።

ግን ያቺ መኪና የምትጭነው ሽንኩርት ብቻ አልነበረም።

አስካለ የምትባል ታላቅ እህት አለችው፤ «እትዬ» ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። የጀርባ አጥንቷን ስለታመመች ለሕክምና አዳማ ትመላለሳለች፤ ጭነት በሌለበት ቀን የሚያመላልሳት ምትኩ ነው። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯታል፤ ሕክምናውን ካቋረጠች እግሯ ይከዳታል። ብዙ መቀመጥ ስለማትችል ከኋላው ወንበር ላይ ትራስ ተደግፋ ጋደም ትላለች።

ባሌስትራው ከተጨመረ ወዲህ እትዬ አስካለ መቅረት ጀመረች። አንድ ጊዜ «ዛሬ ደክሞኛል» አለች። ሌላ ጊዜ «እንግዳ ይመጣብኛል» አለች። በመጨረሻ «ተሽሎኛል ምትኩዬ፤ አትልፋ» አለችው።

ምትኩ ምን አለ? «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ከልቡ ነው ያለው። ቤተ ክርስቲያን መጥቶም ስለ እህቱ ፈውስ መሰከረ፤ ጉባኤው እልል አለ። ወገኖቼ፣ ስንት ጊዜ ነው በማናውቀው ነገር እልል ያልነው?

ከዚያ ለቅሶ መጣ። ገጠር ያለ ዘመድ አርፎ ምትኩ በባዶ መኪናው ለቀስተኞች ሊያደርስ ተነሣ። ሲጭንና ሲያራግፍ ሰንብቶ ድካም ስለተጫነው መሪውን ለጓደኛው ለገመዳ ሰጠው። የፊት ወንበር የትልቅ ሰው ነውና አንድ አዛውንት ተቀመጡበት። ምትኩ ከኋላ ገባ፤ እህቱ ከምትጋደምበት ቦታ ላይ። መኪናዋን ከገዛ ጀምሮ እዚያ ተቀምጦ አያውቅም። ለምን ይቀመጣል? መኪናዋ የራሱ ናት።

ገመዳ ከአስፋልቱ ወርዶ ኮረኮንቹ ውስጥ ሲገባ የምትኩ ጭንቅላት ጣራውን ነካ። ለመጀመሪያው ጉድጓድ ገመዳን ወቀሰ።

«ቀስ በል እንጂ» አለው።

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ በእግር ብንሄድ ይሻለናል» አለ ገመዳ።

«መኪናዋ ምን ሆናብኝ ነው?»

«ምን ትሆናለች? አንተው ብረት ጨምረህባታል። ባዶዋን ስትሄድ ብረቱ የሚሸከመው የለውም። ስለዚህ አንተን ያነጥራል።»

ምትኩ ጤነኛ ሰው ነው፤ ግን ወገቡን ይዞ ነበር። ያን ጊዜ እህቱ ትዝ አለችው። በየጉድጓዱ «አይዞሽ እትዬ» ሲላት፣ «ደህና ነኝ፤ ንዳ» የምትለው ትዝ አለው። ለቅሶው ቤት ሲደርሱ ከቤተ ዘመዱ አብልጦ ያለቀሰው እሱ ነው። ሰዎቹም ሟቹን እንዲህ ይወዳቸው ኖሯል ወይ ተባባሉ።

ከለቅሶው እንደተመለሰ በቀጥታ እህቱ ቤት ሄደ።

«እትዬ፣ ሕክምናውን የተውሽው ስለተሻለሽ ነው?»

«ነገርኩህ እኮ።»

«ዛሬ አንቺ ቦታ ላይ ተቀምጬ ነበር።»

እትዬ አስካለ ቀና ብላ አላየችውም። «መኪናዋ እንጀራህ ናት» አለች። «ለእኔ ወገብ ብለህ አፍርሳት እንዴት ልበልህ? ልጆች አሉህ።»

ይህቺን ሴት አያችሁልኝ? እግሯን ልታጣ ነው እኮ። ወንድሟ እንዳያዝን ብላ ተሽሎኛል አለችው። እንዲህ ያለ ፍቅር ያስደንቀኛል፤ ያስፈራኛልም፤ የሚሞትለት ሰው ምንም እንዳያውቅ ያደርጋልና።

በማግስቱ ምትኩ መካኒኩ ሙዘይን ጋ ሄዶ የሆነውን ሁሉ ነገረው። ሙዘይን ከመኪናዋ ሥር ገብቶ አይቶ ወጣ።

«ባሌስትራውን እንዳለ ልንተወው እንችላለን» አለው። «ለሽንኩርቱ ከሆነ እሱን የሚያህል የለም። ወይም ደግሞ ፊቷን ትንሽ ከፍ እናድርጋት። ያኔ ባዶዋንም ስትቆም ከኋላዋ ጋር እኩል ትሆናለች፤ ታምራለች።»

«ከኋላ የተኛው ሰውስ?»

«ለእሱ ያው ነው። የሚስተካከለው መልኳ ብቻ ነው።»

«ሌላ ዘዴ የለም?»

«አለ፤ ግን ሰው አይወደውም። የተጨመረው ብረት ይወጣና በቦታው አየር የሚሞላ ወፍራም የላስቲክ ፊኛ ይገባል። ስትጭን ትነፋዋለህ፤ ኋላዋን ያነሣልሃል። ስታራግፍ ታስተነፍሰዋለህ፤ መኪናዋ ትለሰልሳለች። ባሌስትራ አንዴ ታስገባና ትረሳዋለህ» አለ ሙዘይን። «ይሄ ግን ዕድሜ ልክህን ያስጎነብስሃል። ትሰለቻለህ።»

«እሱን አስገባልኝ» አለ ምትኩ።

ለዚህ ነው የምወደው። የሚረሳውን ትቶ የማይረሳውን መረጠ።

ጫኞቹ ዝም ያሉት መሰላችሁ? ፓምፑን ይዞ መኪናዋ ሥር ሲንበረከክ «መኪና ነው የገዛኸው ወይስ ኳስ?» ይሉታል። እሱ እየሳቀ ይነፋል። ሽንኩርቱን አራግፎ ልብሱ ላብ በላብ ሆኖ ሳለ እንደገና ጎንበስ ብሎ ያስተነፍሳል። ነገም እንዲሁ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ።

እትዬ አስካለ አልሄድም ብላ ብዙ ተከራከረች፤ አልሰማትም። ትራሷን አስተካክሎላት ተነሡ። ኮረኮንቹ ላይ ሲደርሱ «አይዞሽ እትዬ» አላት። መልስ የለም። ደግሞ ጠራት፤ አሁንም መልስ የለም። ደንግጦ መኪናዋን ዳር አቁሞ ዞረ። እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ወገኖቼ፣ ከእኛ መካከል ኑሮ ያልጫነበት ማን አለ? ጭነቱ ሲበዛብን ብረት ጨመርን። አንዱ ሥራ ቦታ ሲገፉት ጊዜ መጮህን ተማረ። አንዷ ያመነችው ሲከዳት ልቧን ዘጋች። አልወቅሳችሁም። ያን ጊዜ ባትጠነክሩ ኖሮ መንገድ ላይ ትቀሩ ነበር።

ግን ጭነቱ ከወረደ በኋላስ? አለቃውን የቻለበት ድምፅ ማታ ቤት ገብቶ ልጅ ያናግራል። ነጋዴውን ያሸነፈ ፊት ሚስቱ ፊት ይቀመጣል። እኛ መሪው ጋ ነንና አይሰማንም። አንዳንዶቻችንማ ብልሆች ነን፤ እሁድ እሁድ ፊታችንን ከፍ እናደርጋለን። ከውጭ ላየን ሰው እኩል ነን፤ ታምረናል። ቤት ያሉት ግን ያውቁናል።

ጌታን ተመልከቱ። ማዕበሉን የገሠጸው ያው ድምፅ ሕፃናትን ሲጠራ አላስበረገጋቸውም። ለባሕሩ የሚበቃ ኃይል ነበረው፤ ለሕፃናቱም የሚሆን ልስላሴ ነበረው። ሁለቱን አንድ ሰው ላይ ማየት ምንኛ ደስ ይላል! እኛንም ወደዚያ ነው የሚጠራን፤ አንዴ ተደርጎ ለሚረሳ ነገር ሳይሆን ለየቀኑ መጎንበስ።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አንድ ሰው ምረጡ፤ ከእናንተ ጋር መኖር ግድ የሆነበትን ሰው። አጠገቡ ተቀመጡና «ከእኔ ጋር መኖር ምን ይመስላል?» ብላችሁ ጠይቁት። መጀመሪያ «ደህና ነው» ይላችኋል። አትነሡ። ትንሽ ቆዩ፤ እውነተኛው መልስ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።