ዝም ያሉት ሦስት ቤቶች

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መምህሩ።

ትርሲት የጠየቀቻቸው ግን ስለ ኮምፒውተር ነበር። የአባቷን ልብ በኮምፒውተር አስመስላ ሠርታ የኤሌክትሪክ ሞገድ ስትለቅበት ከላይ እስከ ታች ወርዶ ይቆማል። የአባቷ የራሳቸው ልብ ግን ምቱ እየተዛባ ይጥላቸዋል። «የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አለቻቸው።

«ታገሺኝ፣ ወደሱው ነው የምመጣው» አሉና ቀጠሉ።

የገበሬው መንደር ከዳገቱ እስከ ወንዙ የተዘረጋ ነው። ደራሽ ውሃ ሲመጣ የላይኛው ቤት ይጮሃል፤ ቀጥሎ ያለው ይቀበላል፤ እንዲህ እያለ ጥሪው ወንዝ ዳር ይደርሳል። የጮኸ ሰው ትንፋሹን እስኪሰበስብ ዝም ይላል። ወይ ያ ጊዜ! ማን እንደጠራ በድምፁ ብቻ ይታወቅ ነበር።

አንድ ክረምት ግን ጥሪው ታች ደርሶ ማቆም ሲገባው ወደ ላይ ተመልሶ ይዞር ጀመር። አንዴ የጮኹት ሰዎች እንደገና ሲሰሙት ሌላ ጎርፍ መስሏቸው ደግመው ይጮሃሉ። ወንዝ ዳር ያሉት የሚሸሹበት ጠፋቸው። የገበሬው እህት ከነጥጆቿ ለጥቂት ተረፈች።

ገበሬው ጥሪው የት ጋ እንደሚዞር ለማወቅ ሰፌድ ላይ ባቄላ ደረደረ፤ ለየቤቱ አንዳንድ። ጥሪውን በጣቱ ከባቄላ ወደ ባቄላ አስኬደው። ወርዶ ቆመ። ሦስቴ ቢሞክር ያው ነው።

ሚስቱ ሰፌዱን አየችና «አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? መሃል ያሉት ሦስት ቤቶች ሰዎቹ ሞተው ከተዘጉ እኮ ዓመት ሊሞላቸው ነው!» አለችው።

እሱም አላጣውም። ግን የቤቶቹ ባለቤቶች አብረውት ያረሱ፣ አብረውት የሳቁ ጓደኞቹ ነበሩ፤ ባቄላቸውን መተው አልሆንለት ብሎ ነው። እያለቀሰ አነሳቸው። አሁን ጥሪው ባዶውን ቦታ በአንድ ጎን ባሉት ቤቶች ዘግይቶ ወርዶ፣ በሌላው ጎን ባሉት ተመልሶ ሲወጣ አየው። በማግስቱ መመለሻው ላይ ያለውን ጎረቤቱን «አንተ ከእንግዲህ አትቀበል» አለው። መዞሩ ቀረ።

መምህሩ ወደ ትርሲት ዞሩ።

«አንቺም እንደሱ ነሽ፣ ልጄ። አባትሽ ከታመሙ ወዲህ ልባቸው ላይ ጠባሳ አለ፤ ሞገዱ እሱን እየዞረ ነው የሚመለሰው። ታውቂዋለሽ፤ ግን አላስገባሽውም። የሠራሽው ትከሻቸው ላይ አድርገው ጃንሜዳ ይወስዱሽ የነበሩትን አባትሽን ነው። እኔም እኚያን ሰውዬ እወዳቸው ነበር፤ ይናፍቁኛል። ሐኪሙ ማክሰኞ መመለሻውን የሚዘጋው ግን በዛሬው ልባቸው ላይ ነው።»